«ልቤን ነው ያመመኝ»፦ ሐኪም ሲሠለጥን ማዳመጥም ይሠለጥናል?

ታካሚ ተመናጨቀ፣ ወላድ ተሰደበች የሚል ወሬ ወይም ቪዲዮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በወጣ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ያው ነው። ግማሹ «ሐኪሞቻችን ርኅራኄ አጡ፤ መጀመሪያ ሥነ ምግባር ይማሩ» ይላል። ባለሙያው ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ ስሮጥ አድሬ፣ ደመወዜ ለቤት ኪራይ ሳይበቃኝ፣ ጭራሽ ፈገግታ ትጠብቁብኛላችሁ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያለ ምክንያት አይናገሩም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ እስከ ሥራ ማቆም መድረሱን ያየ ሰው የባለሙያውን ምሬት አያጣጥለውም።

ችግሩ ሁለቱም ርኅራኄን የሚያዩት እንደ ጠባይ መሆኑ ነው። ለአንዱ ይሰጠዋል፣ ለሌላው አይሰጠውም። ወይም ሰው ሲደላው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። በሕክምና ትምህርት ዓለም ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ ሐሳብ ሲሰማ ቆይቷል። በሽተኛን መረዳት እንደ ደም ግፊት መለካት የሚለመድ ሙያ ነው፣ ስለዚህ ማስተማርም መፈተንም ይቻላል የሚል። ሐሳቡ ጎጃም ላይ ሲመጣ ምን ይሆናል? ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ሐኪም የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ተማሪው ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል ይመጣል። ታካሚው ግን በአብዛኛው ገበሬ ነው፤ ከቢቡኝ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከሞጣ ገጠር የተነሳ።

ልብ የት ነው?

አንድ የተለመደ ዓይነት ታካሚ እናስብ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የመጡ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ናቸው። የክሊኒክ ትምህርቱን ገና የጀመረ ተማሪ ካርድ ይዞ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጣል። «ምን ሆነው መጡ፣ እናቴ?» ይላል። «ልቤን ነው ያመመኝ፤ ያቃጥለኛል፤ ከታመምሁ ቆየሁ» ይሉታል።

ከተማ ያደገ ተማሪ እዚህ ላይ «የደረት ሕመም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የእናትየውን እጅ ቢያይ ግን እጃቸው ያረፈው ደረታቸው ላይ አይደለም። ከእምብርት በላይ፣ ከደረት አጥንት በታች ነው። በገጠር አነጋገር «ልብ» ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ ነው፤ የጨጓራ አካባቢ። ታዲያ ጨጓራ ብሎ ማለፍ ነው? እሱም ያሳስታል። እውነተኛ የልብ ድካምና የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ በተለይ በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉና በስኳር ሕመምተኞች ላይ፣ እዚያው ጨጓራው ጋ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ተርጉሞ መገላገል አያዋጣም። ቃሉን ይዞ፣ እጅዋን እያዩ፣ ደግሞ መጠየቅ ነው።

ተማሪው ይቀጥላል፦ «ከመቼ ጀምሮ?» መልሱ፦ «ከልጄ መርዶ ወዲህ።» ካርዱ ላይ የሚሰፍረው በእንግሊዝኛ «የአምስት ወር ቆይታ ያለው የላይኛው ሆድ ማቃጠል» የሚል ነው። ስሌቱ ልክ ነው። መርዶው ግን ጠፋ።

ይህ የተማሪው ክፋት አይደለም። ታሪኩ የሚጓዝበት መንገድ ነው። ታካሚዋ በአማርኛ ትናገራለች። ተማሪው በአማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ራውንድ ላይ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ አልጋ ለአልጋ ሲዞር፣ በእንግሊዝኛ ያቀርባል፤ መምህሩም በዚያው ያርመዋል። በመጨረሻ የተወሰነው ነገር ለእሷ ተመልሶ በአማርኛ ይነገራታል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ የሆነ ነገር ይንጠባጠባል። እንግሊዝኛው ይቅር ማለት አይደለም። መጻሕፍቱም፣ ሪፈሩም፣ የምርመራ ውጤቱም በእሱ ነው። ነገር ግን የሌላ አገር ሐኪም ታካሚን አላዳመጠም ሲባል ጆሮው ነው የሚጠየቀው። የእኛ ግን በጆሮ ከገባም በኋላ በብዕር ይወጣል።

«ናሬቲቭ ሜዲስን» ምን ማለት ነው?

ቃሉ ሲተረጎም «የትረካ ሕክምና» እንደማለት ነው፤ በተረት ማከም ማለት እንዳይመስል እንጂ። ስሙን ያወጣችው ሪታ ሻሮን ናት፤ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሐኪም ስትሆን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍም ዶክትሬት አላት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ሐሳቡ ሰፊ ተደራሲ አገኘ። በ2009 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በዚሁ ዘርፍ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ።

የሐሳቡ እምብርት ቀላል ነው። ሕመም ታሪክ አለው፤ መጀመሪያ፣ መሃል፣ የሚፈራ መጨረሻ። ሐኪሙ ይህን ታሪክ የመቀበል፣ የመተርጎምና በእሱ የመነካት ችሎታ ያስፈልገዋል። ችሎታው የሚዳብረው ደግሞ ግጥምና ልብ ወለድ ልብ ብሎ በማንበብ፣ ስለ ታካሚም በመጻፍ ነው። ለምን ግጥም? አንባቢ ከእያንዳንዱ ቃል ጀርባ «ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ? ያልተባለውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። አልጋ አጠገብም የሚያስፈልገው ያው ልማድ ነው ባይ ናቸው የሐሳቡ አራማጆች።

ከዘዴዎቹ በብዛት የሚጠቀሰው ሻሮን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረችው «ትይዩ ካርድ» ነው። ተማሪው ሆስፒታሉ ካርድ ላይ የማይጻፍ ነገር ያጋጥመዋል። ሽማግሌው አያቱን አስታውሶት ይሆናል። ወይም ታካሚው አናድዶት ይሆናል፤ ለምን እንደተናደደ ግን አያውቅም። ይህ ካርዱ ላይ ቦታ የለውም። ግን የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ በተራ ቋንቋ ጽፈው ያመጡታል፤ በትንንሽ ቡድን ይነበባል። ማስታወሻው ስለ ተማሪው ስሜት ብቻ ከሆነ የውሎ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። ሻሮን የምትፈልገው ታካሚው እንዲታይበት ነው።

«አይዞሽ» አይበቃም

«ኢምፓቲ»ን በአንድ የአማርኛ ቃል መያዝ ይቸግራል። «ርኅራኄ» ስንል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይሸታል፤ የራራ ሰው ከራራለት ሰው ከፍ ብሎ ቆሟል። «ሐዘኔታ» ደግሞ አብሮ ማልቀስ ነው፤ አብሮ የሚያለቅስ ሐኪም በቀን ስንት ጊዜ ያለቅሳል? በሕክምና ትምህርት ውስጥ ቃሉ የሚያመለክተው በዋናነት መረዳትን ነው። ታካሚው ነገሩን ከየት ሆኖ እንደሚያየው መረዳት፣ መረዳትህንም ለእሱ ማሳየት። ምናልባት የሚቀርበው የአማርኛ አባባል «ልብ ማለት» ነው።

ለዚህ ነው በእኛ ዘንድ የርኅራኄ ምልክት የሆነው «አይዞሽ» አንዳንዴ ተቃራኒውን የሚሠራው። አንዲት ታካሚ «መቼም እንደ እህቴ አያርገኝ» ስትል ተማሪው «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ካለ ወሬው እዚያው ተዘጋ። እህቷ ምን ሆና እንደሞተች ማንም ሳይሰማ ቀረ። ምናልባት ያ የቤተሰብ ታሪክ ነበር ትልቁ ፍንጭ። «እህትዎ ምን ሆነው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ያጽናናልም፣ ይመረምራልም።

ጤና ሚኒስቴር ጉዳዩን አላየውም ማለት አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ዓመት የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ካነገባቸው አራት አጀንዳዎች አንዱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ነበር። መፈክሩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከባድ አልሆነም። ከባዱ «ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ ተማሪው ከትናንቱ የተለየ ምን ያድርግ?» ለሚለው መልስ መስጠት ነው።

ሲ ዋን የሚባለው ዓመት

ማንም ተማሪ ሰው ለመናቅ ብሎ ሕክምና አይገባም። ታዲያ የት ይደነዝዛል? በአሜሪካው ጄፈርሰን የሕክምና ትምህርት ቤት መሐመድሬዛ ሆጃትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት ብዙ ተጠቅሷል። ተማሪዎችን 20 ጥያቄ ባለው የኢምፓቲ መለኪያ እየተከታተሉ ለኩ። ውጤቱ በግልጽ የወረደው በሦስተኛው ዓመት ነው። ያ ዓመት ተማሪው ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ታካሚ ጋ የሚደርስበት ነው። በእኛ ቋንቋ ሲ ዋን።

ሁሉም አልተስማማም። ጀሪ ኮሊቨር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በቀጣዩ ዓመት ባወጡት ጽሑፍ የውጤቱ መውረድ ተጋኗል አሉ። ተማሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው በሚመዝኑበት መጠይቅ ላይ ጥቂት ነጥብ መቀነሱ ታካሚ ፊት ተለወጡ ለማለት አያበቃም ባይ ናቸው። ክርክሩ ተገቢ ነው። ቁጥሩን ትተን አሠራሩን ብናይ ግን የሚገባን ነገር አለ።

ሲ ዋን የገባ ተማሪ የሚማረው ከመምህሩ ንግግር ብቻ አይደለም። ከሚመሰገነውና ከሚሰደበው ይማራል። ሞርኒንግ ሴሽን በሚባለው የጠዋት ስብሰባ ላይ የሄሞግሎቢን ቁጥር ያልያዘ ተማሪ ሰው ፊት ይዋረዳል። ታካሚው ከሁሉ የሚፈራው ምን እንደሆነ ያልጠየቀ ተማሪን ግን ማንም ምንም አይለውም። «ቤድ ሰባት» ብሎ ማቅረብ ያፋጥናል፤ ስም መጥራት ያዘገያል። ይህ ያልተጻፈ ትምህርት «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» ይባላል፤ ከተጻፈው ይልቅ የሚይዘውም እሱ ነው። የሥነ ምግባር ኮርስ ክፍል ውስጥ መጨመር ለብቻው ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ የተዘራው ታካሚ በሚተኛበት ዋርድ ላይ ይነቀላል።

ለሕክምናውስ ምን ይጨምራል?

«ጥሩ ስሜት» ብቻ ከሆነ ትርፉ፣ ወረፋው ለረዘመበት ሆስፒታል ቅንጦት ነው። ሆጃትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሌላ ጥናት ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አሳየ። 891 የስኳር ሕመምተኞችን ከ29 ሐኪሞቻቸው ጋር አያይዘው አዩ። በመለኪያው ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ሐኪሞች ታካሚዎች 56 በመቶው ስኳራቸው በደንብ በቁጥጥር ሥር ነበር፤ ዝቅተኛ ነጥብ ካላቸው ዘንድ 40 በመቶው። ዝምድና እንጂ ምክንያትና ውጤት አላረጋገጠም። ቢሆንም እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጎጃም ላይ መገመት አይከብድም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። «ከምግብ በኋላ በቀን 3 ጊዜ» የተባለ መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾም ሰው እጅ ሲገባ ስንት ጊዜ ይሆናል? ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ነገሩ ከመድኃኒት መዝለል ያልፋል፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ታካሚው መጾሙን አይናገርም፤ ይቆጡኛል ብሎ ይፈራል። ሐኪሙም አይጠይቅም። ቀጠሮው ላይ ስኳሩ ተዛብቶ ሲገኝ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይጻፋል። «ጾሙን እንዴት ነው የያዙት?» የሚል አንድ ጥያቄ፣ ካስፈለገም ከነፍስ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ መንገር፣ ከአዲስ መድኃኒት በላይ ይሠራል።

ሌላው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚባለው የእግር ዝሆኔ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 3.3 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በሽታው ከትል ወይም ከትንኝ አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት መሄድ ያመጣዋል። ሰው ግን «በዘር የሚሄድ ነው» ብሎ ከታማሚው ቤተሰብ ጋር መጋባት ይሸሻል። ወጣቱ ተማሪ «ይህ አጉል እምነት ነው» ለማለት ይቸኩላል። እዚህ ላይ ግን ተማሪውም ተሳስቷል። አንድ ዓይነት አፈር ከሚረግጡት ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ የሚታመሙት በከፊል በዘር በሚወረስ ተጋላጭነት መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። የገበሬው ታሪክ ግማሽ እውነት ነበረው። «ዘሩ ተጋላጭነትን እንጂ በሽታውን አያወርስም፤ ልጅዎ ጫማ ካደረገ አይይዘውም» የሚለው መልስ የሚመጣው መጀመሪያ ያን ታሪክ እስከ መጨረሻው ለሰማ ሰው ነው። እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሊሰማ የመጣው ይህን ነው።

ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ዝግጁ መሣሪያ አለ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙና አንትሮፖሎጂስቱ አርተር ክላይንማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ወደ እኛ አፍ ሲመጡ እንዲህ ይሆናሉ፦ «ይህን ያመጣብኝ ምንድን ነው ይላሉ? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረዎት? ከዚህ ሕመም ከሁሉ የሚያሰጋዎት ምኑ ነው?» መጋኛ ነው፣ ምች ነው፣ የሰው ዓይን ነው የሚል መልስ ቢመጣ ተማሪው ማመን የለበትም። ማወቅ ግን አለበት። ያን ያመነ ሰው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ከዚያ ይታወቃል።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው። ትክክለኛም ነው። አንድ ተመላላሽ ክፍል በአንድ ጠዋት 60 ሰው ቢጠብቀውና ሥራው 4 ሰዓት ቢሆን ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ መመርመሩም መጻፉም እዚያው ውስጥ ነው። በአገር ደረጃ የሐኪም ቁጥር ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ገደማ በሆነበት፣ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ መንገድና መድኃኒት ባስተጓጎለበት ጊዜ «ታሪካቸውን ስሙ» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል።

ሁለት ጥናቶች ግን ስሌቱን ያወሳስቡታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል በአሜሪካ እንዳሳዩት ሐኪሞች ታካሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ያቋርጡታል። ካላቋረጡትስ? በ2002 ከስዊዘርላንዷ ባዝል የወጣ ጥናት 335 ታካሚዎችን ሳያቋርጥ ለካ። በአማካይ 92 ሰከንድ ተናግረው ጨረሱ። 78 በመቶው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። የስዊስ ታካሚ የጎጃም ገበሬ አይደለም፤ ሰላምታውና ምርቃቱ ብቻ ሠላሳ ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ቢሆንም «ካልተቋረጡ አያቆሙም» የሚለው ፍርሃት ከእውነታው የገዘፈ ይመስላል።

ደግሞም ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጊዜ የለውም። ሲኒየሩ ሐኪም 4 ደቂቃ አለው። ሲ ዋኑ ግን ለአንድ ሎንግ ኬዝ፣ አንድን ታካሚ በሙሉ ጠይቆና መርምሮ ለማቅረብ፣ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ሆስፒታሉ ውስጥ ጊዜ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው ቢባል አልተጋነነም። ማዳመጥ የሚለመደው ያኔ ካልሆነ ኢንተርን ሆኖ እንቅልፍ ሲያምረው አይለመድም። ይህ ማለት ግን ለጫናው መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ደመወዝና የሰው ኃይል ሳይስተካከል «ሩኅሩኅ ሁን» ማለት የሥርዓቱን ጉድለት በግለሰብ ትከሻ ላይ መጫን ይሆናል። ይህን የሚሉ ባለሙያዎች ሊደመጡ ይገባል።

በቅኔ ቤት አገር

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚልም አይጠፋም። ጎጃም ላይ ቆሞ ይህን ማለት ትንሽ ይገርማል። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዲማ የቅኔ ተማሪ ከየአገሩ የሚጎርፍባቸው ቦታዎች ነበሩ። የቅኔ ተማሪ የሚሠለጥነው የመጀመሪያው ትርጉም የመጨረሻው እንዳልሆነ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም ኅብር ይለዋል። ታዲያ የእናትየው «ልብ» ምንድን ነው? ጨጓራም ነው፣ ልብም ነው፣ ኀዘንም ነው። ሻሮን ልብ ወለድ እያስነበበች ልታስለምደው የደከመችበት ጆሮ እዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሞረድ ኖሯል።

ነገሩን ማሳመርም ደግ አይደለም። ቅኔ በግእዝ ነው፤ የሕክምና ተማሪውን በሙሉ ቅኔ ቤት አንሰድም። ባለቅኔው ወርቁን ሆን ብሎ ይደብቃል፤ ታካሚ ግን አይቀኝም። በየቃሉ ሥር ምሥጢር የሚፈልግ ሐኪም ቀላሉን ነገር ያጣል። አንዳንዴ ሰሙም ወርቁም ጨጓራ ነው። የሚወሰደው ዘይቤው ሳይሆን ልማዱ ነው። ለንባቡም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሙሾና እንጉርጉሮ ሞልቷል። ጎጃሜ እናት ኀዘኗን በምን ቃል እንደምትናገር ከእነሱ ይልቅ የሚያስተምር የለም።

«ሆድ ይፍጀው» የሚሉስ?

የትረካ ሕክምና አንድ ግምት ከጀርባው አለው፤ ሰው ታሪኩን መናገር ይፈልጋል፣ ሲናገርም ይቀለዋል። በእኛ ዘንድ ግን «ሆድ ይፍጀው» የሚባል ነገር አለ። ዝምታ ራሱ ክብር የሚሆንበት ጊዜ አለ። በግጭት ጊዜ ደግሞ ከክብርም ያልፋል። ቁስሉ የትና በማን እንደደረሰበት መናገር የማይፈልግ ሰው ምክንያት አለው። ተማሪ ለመልመጃ ብሎ ቢያወጣጣው ጉዳት ነው። የጻፈው ወረቀት ቢጠፋስ? ደብረ ማርቆስ ላይ «ከእነማይ የመጡ፣ ልጃቸው የሞተባቸው ሴትዮ» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። ስለዚህ የታካሚ ታሪክ የሚጻፍ ከሆነ ስምና ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ሰውየውን የሚያስለይ ዝርዝር ሁሉ መለወጥ አለበት፤ ከክፍሉም መውጣት የለበትም።

ማስረጃውም ገና ጥርት ያለ አይደለም። በዚህ መንገድ የተማሩ ተማሪዎች ከትምህርቱ በኋላ በመጠይቅ የተሻለ ነጥብ ሲያመጡ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። አብዛኛዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ የሚለኩትም ተማሪው ስለ ራሱ የሚለውን ነው፣ ለአጭር ጊዜ። ከአምስት ዓመት በኋላ ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቦ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን ብዙ የለም። በዚህ ማስረጃ ላይ ሙሉ ኮርስና በጀት መትከል ጥድፊያ ይሆናል። በትንሹ መሞከርን ግን አይከለክልም።

በትንሹ ቢጀመር

ፈተና ካልነካው ተማሪ አያጠናውም። ይህን ሁሉም የተማረ ሰው ያውቀዋል። ትልቁ ፈተና በምርጫ ጥያቄ ሲሆን ማዳመጥ በኤ፣ በቢ፣ በሲ አይለካም። የሚለካበት መንገድ ግን ድሮ ተገኝቷል። ሃዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1963 ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ እንደ ታካሚ እንዲሆን በማድረግ ተማሪ ፈተነ። ሮናልድ ሃርደን ደግሞ በ1975 ተማሪው በየጣቢያው እየዞረ የሚፈተንበትን ኦስኪ የተባለ ፈተና አስተዋወቀ። ከጣቢያዎቹ አንዱ «ልቤን ነው ያመመኝ» የምትል የሠለጠነች ሴት ብትሆን፣ ነጥቡም እጅዋን ማየቱና መርዶውን መስማቱ ቢሆን፣ ተማሪው በሚቀጥለው ሳምንት ዋርድ ላይ ያንኑ ይለማመዳል። ተዋናይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ከማንም በላይ ትተውነዋለች።

ከዚያም የሚቀልል ነገር አለ፤ የካርዱ አንድ መስመር። ዋናው ቅሬታ በሚጻፍበት ቦታ፣ ከእንግሊዝኛው በላይ፣ ታካሚው ያለው ቃል በራሱ አማርኛ በጥቅስ ቢሰፍር። ሲኒየሩ ራውንድ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ እሱን ቢያነብ። ወረቀት ላይ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ወደ ኮምፒውተር መዝገብ እየተሻገሩ ላሉ ሆስፒታሎች ግን ሥርዓቱ ሲገዛ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፦ ያ ሳጥን ግእዝ ፊደል ይቀበላል? ካልተቀበለ «ከልጄ መርዶ ወዲህ» የሚጻፍበት ቦታ ሳይኖር ቀረ ማለት ነው።